የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ) አማልክትን ልብ ወለድ ለልጆች ሳስነብብ የያዝኩት መንገድ

ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለና በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ልጅ መጀመሪያ የምሰጠው የኒል ጌይመንን «ኦድ ኤንድ ዘ ፍሮስት ጃይንትስ» ነው። በ2008 ለዓለም የመጽሐፍ ቀን በብሪታንያ የወጣ ቀጭን መጽሐፍ ነው። እግሩን ዛፍ የሰበረው ኦድ የሚባል ልጅ፣ አልወጣ ያለ የበረዶ ወራት፣ አንድ ድብ፣ አንድ ቀበሮ፣ አንድ ንስር።

በፊት ዘጠኙን ዓለማትና ታላቁን ዛፍ ይግድራሲልን አስረድቼ ነበር የምጀምረው። ልጆቹ ገና ታሪኩ ሳይጀመር ይደክማቸዋል። አሁን ኦዲን፣ ቶር፣ ሎኪና ፍሬያ የሚሉትን የአማልክት ስሞችና መኖሪያቸውን አስጋርድን፣ አምስት ስሞች ብቻ በካርድ ላይ በፊደል እጽፋለሁ። ልጅ መጥራት ያቃተውን ስም ይዘለዋል፤ ሁለት ሦስት ከዘለለ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋዋል። ከዚያ እንስሳቱ ሌሊት መነጋገር እስኪጀምሩ ድረስ ጮክ ብዬ አነብና መጽሐፉን እዚያው ለልጁ አስረክባለሁ። ማንነታቸውን አልናገርም።

የማርቭልን የ«ቶር» ፊልም ያዩ ልጆች ሎኪን የቶር ወንድም ያደርጉታል። በጥንቱ የአይስላንድ ጽሑፍ ግን በደም ቃል የተሳሰረው ከኦዲን ጋር ነው። በዚህ ከመከራከር የቶር መዶሻ እንዴት እንደተሠራ መንገር ይሻላል። ድንኩ ብሮክ ወናፉን ያናፋል፣ ወንድሙ ይቀጠቅጣል። ሎኪ ዝንብ ሆኖ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ አንገቱን ነከሰው፤ ብሮክ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው የዓይኑን ሽፋን ሲነክሰው ደም ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ ዝንቡን ለማባረር ለአፍታ እጁን ከወናፉ አነሳ። የመዶሻው እጀታ አጭር ሆኖ የቀረው በዚያች አፍታ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ቀሪውን ራሱ እያሳደደ ያነባል።

ስምንት እግር ያለው የኦዲን ፈረስ ስሌይፕኒር ከየት መጣ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። «ሎኪ ባዝራ ሆኖ ወለደው» ብዬ እቀጥላለሁ። መልሱን ባድበሰበስኩ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ የለም።

«አማልክት» የሚለው ቃል ለሚያሳስበው ወላጅ እውነቱን እነግረዋለሁ፦ የስካንዲኔቪያ ሕዝብ ከክርስትና በፊት ያምንበት የነበረ ነው፤ በ1220 ገደማ ብዙውን በጽሑፍ ያኖረልን ስኖሪ ስተርሉሰንም ራሱ ክርስቲያን ነበር።

ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑት የሪክ ሪዮርዳን ተከታታይ መጻሕፍት «ማግነስ ቼዝ» አለ። የ2015ቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ ወፍራም ነው፣ ጀግናውም ገና በመነሻው ይሞታል። የኦድም አባት በሕይወት የለም። በቅርቡ ሐዘን ለገባበት ቤት ሁለቱንም ከመስጠቴ በፊት ይህን አስቀድሜ ለወላጅ እናገራለሁ።