ወር በገባ በ7

ዛሬ ሥላሴ ነው። እህቴ የታመመውን ባለቤቴን ይዛልኝ፣ ጎህ ሲቀድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሼ መጣሁ። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል የተረፈች ደጅ ናት። ጣራው ላይ የተሳሉትን መላእክት ቀና ብዬ እያየሁ «ማርልኝ» ልል ስል እንባዬ ቀደመኝ። ማርልኝ ማለቱን አልተውኩም። ግን ሌሊት ሲያቃስት እየሰማሁ «አሳርፍልኝ» ማለትም ጀምሬያለሁ። ሁለቱንም የሚሰማ አምላክ ነው፤ አይቆጣኝም።

ቤት ገብቼ ጠበሉን በጥጥ ነክሬ ከንፈሩን አራስኩለት። እህል መዋጥ ካቆመ ሰንብቷል። ጀርባው እንዳይቆስል በጎኑ ሳገላብጠው፣ ያ ደልዳላ ሰው እንደ ሕፃን ቀለለኝ። የትከሻው አጥንት መዳፌን ወጋው። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «እህል ቀመስሽ?» አለኝ። አስቡት፣ በዚህ ሁኔታው ላይ ሆኖ!

ልትጠይቁን የምትመጡ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ብቻ አደራችሁን፣ እሱ ፊት አታልቅሱ፤ ሁሉንም ይሰማል። ስሙን ጠርታችሁ ስለ ጥምቀት፣ ስለ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር አጫውቱት። ከልጅነቱ ጀምሮ ታቦት ሲያጅብ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ማታ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ። በጸሎት አስቡን።