ሦስተኛው አንቀጽ

የምሠራው ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ከሙቀቱ ጋር ታግሎ የተሸነፈ ቬንቲሌተር። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ ሲቪ እንሠራለን። ሰዉ ላቡን እየጠረገ ጉዳዩን ያወራል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። እኔ ያንን ሁሉ "አመልካች በትሕትና እጠይቃለሁ" ወደሚል ቋንቋ እመልሰዋለሁ።

ስድስት ዓመት ስሠራ ይህ እንጀራ ነው እንጂ ጥሪ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥሪዬ ሌላ ነበር። ለቤተ ክርስቲያናችን ድራማ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እህት ጸልያልኝ ስታበቃ "ጌታ ብዕር ሰጥቶሻል" አለችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያቺን ቃል ከሚገባው በላይ ይዣታለሁ። ጌታ ከዚህች ምድጃ ከመሰለች ክፍል አውጥቶ እውነተኛ ጸሐፊ የሚያደርገኝን ቀን እጠብቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ የሚቀርብ ድራማ ጽፌ ልጨርስ ቃል ገባሁ። እስከ ሆሳዕና ብዬ ነበር። አላለቀም። ማታ መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ እኔ ደክሜ ተኝቻለሁ። ስለዚህ አለቃዬ ጋሼ ሻይ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ የሥራ ኮምፒውተሬ ላይ ድራማውን መክፈት ጀመርኩ። የጌታ ሥራ አይደል? ሕሊናዬ ትንሽም አልቆረቆረኝ።

አንድ ረፋድ፣ አራተኛው ትዕይንት መሀል ላይ ሆኜ፣ አዴ ገቡ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰፈርተኛውም አዴ ነው የሚላቸው። ከመልካ ጀብዱ በባጃጅ ነው የመጡት። በፌስታል ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ፦ የባላቸው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ ጠርዙ የተበላ የጡረታ ደብተር። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ለፍርድ ቤት ማመልከቻ ይፈልጋሉ።

"እሱ እኮ ባቡር ላይ ነበር የሚሠራ" ብለው ጀመሩ። "ሐዲድ ላይ..."

"እሱ አያስፈልግም አዴ፣ ሙሉ ስም ብቻ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ዝም አሉ። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችው የድራማዬ እናት ነበረች፤ ከቤት የጠፋ ልጇን በር ላይ ቆማ ይቅር የምትለዋ። ቶሎ ወደ እሷ መመለስ ፈልጌ ነበር።

ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ ማንም ከባዶ ወረቀት አይጀምርም። ባለፈው የተጻፈ ተመሳሳይ ማመልከቻ ይከፈታል፣ ስም ይቀየራል፣ ቀን ይቀየራል፣ ፕሪንት። እኔም ከሳምንት በፊት የጻፍኩትን የሌላ ሰው የወራሽነት ማመልከቻ ከፈትኩ። ርዕሱ ላይ ቀየርኩ። አንደኛው አንቀጽ ላይ ቀየርኩ። ሁለተኛውም ላይ። አስፈርሜ ሸኘኋቸው። "አላህ ያሳድግሽ" ብለውኝ ወጡ። ሰዓቴን አየሁ፤ ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። በፍጥነቴ ደስ አለኝ።

በቀጠሯቸው ማግስት ተመልሰው መጡ። ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ጣታቸውን ጫኑ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ቦታውን አሳይተዋቸው ኖሮ አልረሱትም።

"ባሌ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ባል ዳርሽኝ እኮ፣ አቦ!"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። "ሟች ከአመልካች ጋር በሕጋዊ ጋብቻ ሲኖሩ" ከሚለው በፊት የተቀመጠው የማያውቁት ሰው ስም ነበር። የዚያች የቀድሞዋ ደንበኛ ባል ስም።

ችሎቱ ለሦስት ሳምንት ተቀጥሯል። እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሁለት ምስክሮች ይዘው ሄደው ነበር። አንዷ ቀፊራ ገበያ ያላትን መደብ ዘግታ የሄደች ጎረቤታቸው፣ ሌላው ከባላቸው ጋር የሠሩ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ። ሁለቱም ምስክርነታቸው ሳይሰማ ተመለሱ።

ጋሼ ሰምተው መጡና "የከፈሉትን መልሽላቸው፣ እንደገናም ጻፊላቸው" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ማታ እንደ ልማዴ መጽናኛ ፍለጋ ኤርምያስ 36ን ከፈትኩ። ለሚጽፍ ክርስቲያን ያቺ ምዕራፍ ቤቱ ናት። ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ ይጽፋል፤ ንጉሥ ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ እሳት አጠገብ ተቀምጦ የተነበበውን እየቆረጠ ይጥላል፤ ጥቅልሉ ሁሉ ይቃጠላል። ከዚያ ባሮክ ሌላ ጥቅልል ይዞ እንደገና ይጽፋል፣ ብዙ ቃልም ይጨመርበታል። ስንት ጊዜ ድራማዬ "ይቆይ" በተባለ ቁጥር በዚህች ምዕራፍ ራሴን ባሮክ፣ ኮሚቴውን ኢዮአቄም አድርጌያለሁ! (ይቅር ይበሉኝ።)

ያን ማታ ግን ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩና 32 ላይ ወደቅሁ። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም ነበር። ኤርምያስ ከአጎቱ ልጅ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ይገዛል። ውሉ ይጻፋል፣ ይፈርማል፣ ምስክሮች ይቆማሉ፣ ብሩ በሚዛን ይመዘናል። የውሉ ወረቀት የሚሰጠው ለማን ነው? ለባሮክ። ያው ባሮክ። የታተመውንም የተከፈተውንም ወስዶ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጥ ዘንድ ይታዘዛል። ከተማይቱ ተከባለች፣ ረሀብ ገብቷል፣ እግዚአብሔር ስለ አንድ የመሬት ውል ወረቀት አቀማመጥ ይናገራል። የትንቢቱ ጸሐፊና የውሉ ወረቀት ጠባቂ አንድ ሰው ነው። እኔ 36ን ብቻ ወስጄ 32ን ለጋሼ ትቼለት ኖሬያለሁ።

በማግስቱ ለድራማ ክፍሉ አስተባባሪ ደወልኩ። "ለፋሲካ አይደርስም፣ በራሴ ጥፋት ነው" አልኩት። እኔ ካልጨረስኩት የጌታ ሥራ የሚቆም መስሎኝ ምን ያህል ስጨነቅ እንደከረምኩ ያኔ ነው የገባኝ። መዘምራኑ በቦታው ሁለት መዝሙር ጨመሩ። ፋሲካም ሆነ። የጎደለ ነገር እንዳለ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም፤ መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፣ ኋላ ግን ቀለለኝ።

የአዴን ማመልከቻ ከባዶ ገጽ ጀመርኩ። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ውኃ ሰጠኋቸው፣ "ስለ ባቡሩ ይንገሩኝ" አልኳቸው። ባላቸው የሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ሐዲድ በድሬ ፀሐይ ይለጠጣል፣ ቀን የረዘመው ሌሊት ያጥራል፤ ብረቱ እንዳይጣመም እየዞሩ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ድሬ ራሷ ድሬ አትሆንም ነበር፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ አድጌ ያ ሐዲድ በሰው እጅ እንደሚጠበቅ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ፍርድ ቤቱ ይህን ሁሉ አይፈልገውም። ቢሆንም "የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነበሩት ሟች ባለቤቴ" ብዬ አስገባሁት። ከማተሜ በፊት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የባላቸው ስም አራት ቦታ ላይ አለ፤ በጠራሁት ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

አሁን ለሁሉም እንደዚያ ነው የማደርገው። ወረፋ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ደንበኛ "ቶሎ በይ አቦ" ይለኛል። ጋሼም አልፎ አልፎ ያጉረመርማሉ።

አዴ ማስረጃውን ካወጡ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በተኛበት ሰዓት፣ ለእኔ አንድ ፌስታል ማንጎ ይዘው መጡ። "ለሰው ስትጽፊ ትውያለሽ፣ ለራስሽስ ትጽፊያለሽ?" አሉኝ። ድራማውን ነገርኳቸው። አንብቢልኝ አሉ። አራተኛውን ትዕይንት፣ እናትየዋ በር ላይ የቆመችበትን አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ የተኙ መስሎኝ ነበር።

"ጥሩ ነው" አሉ ስጨርስ። "ግን ይቺ ሴትዮ ለምንድን ነው እንዲህ የምታለቅሰው? ልጇ እኮ መጥቷል። እኔ ብሆን መጀመሪያ በልቶ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።"

ከሄዱ በኋላ ፋይሉን ከፈትኩ። "ታለቅሳለች" የሚለውን ከሰባት ቦታ አወጣሁ።