«ነብር! እሳት!» በአኪሃባራ ምድር ቤት

ቶኪዮ በገባሁ በ3ኛው ቀን ማታ፣ አኪሃባራ ውስጥ ወደ አንድ ምድር ቤት ወረድኩ። ጠባብ አዳራሽ ነው። ከቲኬቱ ሌላ በር ላይ ለመጠጥ 600 የን ከፈልኩ። የሚዘፍኑት ወጣት ሴቶች «ቺካ አይዶሩ» ይባላሉ፤ የምድር ቤት ኮከቦች እንደማለት ነው። ቴሌቪዥን ላይ ብዙም አይታዩም።

ሙዚቃው ተጀመረ። ልጆቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አንድ ሰው ከኋላዬ «አ፣ ዮሻ! ኢኩዞ!» ብሎ ጮኸ። «በሉ እንሂድ!» ማለቱ ነው። ወዲያው ቤቱ በአንድ ድምፅ አስተጋባ፦ «ታይጋ! ፋይያ! ሳይባ! ፋይባ! ዳይባ! ባይባ! ጃጃ!»

ክው አልኩ። አጠገቤ ሰማያዊ መብራት የያዘ ጎልማሳ ቆሟል። ሰማያዊ የ«ኦሺ»ው ቀለም ነው፤ ኦሺ ማለት ከሁሉ አብልጠህ የምትደግፋት ዘፋኝ ናት። በስልኩ እያስተረጎመ አስረዳኝ። የታዳሚው ጩኸት በጠቅላላው «ኮሩ» ይባላል። ይሄኛው ግን «ሚክስ» ነው። በጃፓን አነጋገር የሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፤ ነብር፣ እሳት እያለ ይቀጥላል። ቃላቱ ተያይዘው ሐሳብ አይሰጡም፤ ቤት እየመቱ ምቱ ላይ ቁጭ ይላሉ እንጂ። ሁለተኛው ዙር በጃፓንኛ ነው፦ «ቶራ! ሂ! ጂንዞ! ሴንኢ!» ሦስተኛው ደግሞ ከሰሜን ጃፓን ነባር ሕዝብ ከአይኑዎች ቋንቋ የተወሰደ ነው። ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል!

በጣም የወደድኩት «ጋቺኮይ ኮጆ»ን ነው። ሙዚቃው ለስለስ ሲል ሁሉም ወደ መድረኩ እጁን ዘርግቶ «ኢይታይ ኮቶ ጋ አሩንዳዮ!» ይላል፤ «የምነግርሽ አለኝ!» ጋቺኮይ የምር ፍቅር ነው። ኮጆ ግን የድሮ መድረክ ቃል ነው፤ የጃፓን ባህላዊ ቲያትር የሆነው የካቡኪ ተዋንያን ለተመልካች የሚያደርጉት ንግግር እንዲሁ ይባላል። ካቡኪም ጩኸት አለው። ተዋናዩ ቆም ባለባት ቅጽበት ከኋላ ወንበር «ናሪታያ!» ብለው የቤተሰቡን የመድረክ ስም ይጠሩለታል። ቅጽበቷ ካመለጠች አለቀ። እዚህም እንደዚያው ነው። ማንም እንዳሻው አይጮህም፤ ዘፈኑ ክፍተት ሲሰጥ ነው የሚገባው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ድምፅ ማሰማት ተከለከለ። ባለ ሰማያዊ መብራቱ ሰውዬ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ እያጨበጨበ፣ መብራቱን እያወዛወዘ ብቻ ቆሞ አየ። የተፈቀደ ቀን ከ«ታይጋ» ማለፍ አልቻልኩም አለኝ፤ እንባ ተናንቆት።

ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር ክንዴን ነካ አደረገኝ። በጣቱ ቆጠረልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... «ታይጋ!»