በሞተር ሳይክል ከደሴ እስከ ቦረና ሳይንት

ከደሴ ተነሥተን በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርገን እስከ መካነ ሰላም በሞተር ሳይክል የተጓዝነው፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ለሚማሩ ልጆች የደብተር መግዣ ለማሰባሰብ ነበር። ወዳጆቻችን በምንጓዘው ኪሎ ሜትር ልክ የአቅማቸውን ሊከፍሉ ቃል ገብተውልናል።

የወሎ ደጋ ለሰውም ለሞተርም ይከብዳል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየወሰደ ጉልበቱ ይደክማል፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትተን ስናየው ጫፉ ጥላሸት ለብሶ ስለነበር በጨርቅ ጠርገን ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ ወጣነው።

አራዊቱን ላለማስበርገግ ሞተሮቻችንን ከፓርኩ ውጭ አቁመን በእግር ገባን፤ ማንኛውም ተጓዥ እንዲህ ሊያደርግ ይገባል ባይ ነኝ። ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይግጣሉ። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም እዚሁ ይኖራል፤ በአገሪቱ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። አጥብቆ የሚያሰጋቸው ከመንደር ውሾች የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ጉዞ የምናሰባስበው ገንዘብ ከደብተሩ ጎን ለውሾች ክትባትም እንዲውል ለጓደኞቼ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ደብተሩን መካነ ሰላም ላይ ገዝተን ለመምህራኑ አስረክበናል።