ቀጥሎስ ምን ሆነ?

በገጣሚዎች እቀናለሁ። ማታ የጻፉትን በማግስቱ መድረክ ላይ ያነቡታል። ተጨበጨበም አልተጨበጨበም ሰው ሰምቶታል። ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ግን ዓመታት ሙሉ በር ዘግቶ የሌሉ ሰዎችን ሲያጋባና ሲያፋታ ይከርማል። እናቴ ቡና እየቀዳች «ያ ነገርሽ አላለቀም እንዴ?» ትለኛለች። ክፋት የላትም። መልስ የለኝም እንጂ።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። በግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ሳላየው አደንቀዋለሁ። እኔ የምጽፈው ሌሊት ነው፣ መብራት ካልጠፋ። በርጫ ላይ የሚወራው ልብ ወለድ ሁሉ ቢታተም ኖሮ የከተማው መደርደሪያ አይችለውም ነበር። ምርቃናው ሲወርድ ግን አንድ ገጽ የለም። (ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ ጓደኞች አሉኝ። ይቀየሙኝ፣ አቦ።)

እኔን የያዘኝ የእሁዱ ስብስባችን ነው። ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል እንገናኛለን። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ። አንዲት ነርስ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና ባጃጅ የሚነዳ ልጅም አሉ። ስም የለንም፣ ማኅተም የለንም። አሠራራችን እንደ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው ምዕራፉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ይመጣና ጮክ ብሎ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ አፉን ይዘጋል። «እኔ ለማለት የፈለግኩት እኮ...» ብሎ መጀመር ክልክል ነው። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በየአንባቢው ጎን ቆሞ ማስረዳት አይቻልማ።

በቅርቡ ዕጣው ለባጃጁ ልጅ ወጣ። የሚጽፈው ስለ 1998ቱ ጎርፍ ነው፤ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሰውን ከነቤቱ ስለወሰደበት። ልጁ ያኔ ሕፃን ነበር፣ የሚያውቀው ሲወራ ሰምቶ ነው። ምዕራፉ በዶፍ ይጀምራል። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ መብረቅ ይበርቃል፣ እናትየዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጸልያለች። ልጁ ማንበብ ይችልበታል፣ ሁላችንም ጸጥ ብለን ሰማነው።

ነርሷ ያደገችው ደቻቱ ዳር ነው። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና «መብረቁን አውጣው» አለችው።

«ለምን?» ሊል አፉን ከፈተ። ጋሼ በዓይናቸው አስቆሙት።

«ደቻቱ እኮ እዚህ ጠብ ሳይል ሊሞላ ይችላል። የሚዘንበው ላይ ነው፣ ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል። እዚህ አሸዋው ደረቅ ነው፣ ሰው ተኝቷል። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። እናትየዋ ትስማው፣ የጭነት መኪና ይምሰላት። ተመልሳ ትተኛ።»

ልጁ እስክሪብቶ ተውሶ መብረቁን እዚያው ሰረዘው። እኔ ግን ያቺ ተመልሳ የተኛች እናት ስንት ቀን ከሐሳቤ አልወጣችም።

ድጋፍ ሲባል ሙገሳ የሚመስለው ሰው አለ። ከዚህ በፊት የገባሁበት ሌላ ስብስብ ውስጥ ሁሉም ነገር «ግሩም» ነበር። የኔም ግሩም፣ ያንተም ግሩም፣ ሻይ ተጠጥቶ መበተን። አንድም ሰው መጽሐፉን ሲጨርስ አላየሁም። ነርሷ ግን ልጁን አላሞገሰችውም፣ አላዋረደችውምም። ያላትን ሰጠችው።

እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በብር አይገኝም። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ኤዲተሮች ነበሩት። ዛሬ ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤት የሚሄደው የራሱን ገንዘብ ይዞ ነው። ከዚያ በፊት ረቂቁን ያየለት ሰው ካለ፣ ጓደኛው ነው።

ለኔ ግን ከእርማቱም የሚበልጥብኝ መጠበቁ ነው። ቀጣዩን ምዕራፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው ካለ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ይጻፋል። እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ኢንክሊንግስ የሚባሉ ጸሐፊዎች ነበሩ። ሐሙስ ማታ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ክፍል ውስጥ እየተሰበሰቡ ረቂቃቸውን ያነቡ ነበር። ከእነሱ አንዱ ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» የሚባለውን ልብ ወለዱን ለመጨረስ ከአስር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ኋላ ሲናገር ለሉዊስ ያለብኝ ዕዳ የሚከፈል አይደለም ብሏል። ሉዊስ አጻጻፉን ስለቀየረለት አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ሰሚው እሱ ብቻ ስለነበረና በርታ ስላለው ነው። ያን ያህል የተማረ ሰው እንኳ ሰሚ ካላገኘ አይጨርስም ማለት ነው። እኔማ ምን ልሁን!

እኛ ዘንድ ይህን ሥራ የሚሠሩት ጋሼ ናቸው። ስለ «ገጸ ባሕርይ አሳሳል» ምናምን አያወሩም። የኔን ሰዎች የሚያውቋቸው እንደ ጎረቤት ነው። ልብ ወለዴ ውስጥ በድሮው ባቡር ኮንትሮባንድ የሚያመላልስ አንድ አጎት አለ፤ ባለፈው ምዕራፍ ወባ ይዞት በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፍሯል። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ጋሼ ከኋላዬ መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ «ያ አጎት እንዴት ሆነ? ትኩሳቱ በረደለት?» አሉኝ።

«ብሶበታል ጋሼ» አልኩ።

ባለ ቲማቲሟ እጇን ከሚዛኑ ላይ አንስታ «ውይ፣ አላህ ያሽረው!» አለችኝ። ምን ልበላት? አሚን አልኩና ከፍዬ ሄድኩ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ጻፍኩ።

የፊታችን እሁድ ዕጣው የኔ ነው። ጋሼ ነገሩን ጠርጥረዋል መሰለኝ ትናንት ደወሉ። «ልጄ፣ ሰውዬውን ምንም እንዳታደርጊው። ቢያንስ ጅቡቲ ይድረስና ባሕሩን ይየው» አሉኝ። ባሕሩን አያይም። አይሻ ጣቢያ ላይ ነው የሚሞተው፣ ወረቀቱም ፎቶ ኮፒ ተደርጎ አልቋል። እሁድ ጋሼ ሲቆጡ አፌን ዘግቼ መስማት ነው፤ ደንብ ደንብ ነው።