የ1930ዎቹን የአየር ፎቶ ማንበብ እንዴት ተማርኩ

እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 የጣሊያን አውሮፕላኖች አገራችንን ከላይ ፎቶ ሲያነሱ ነበር። ከዚያ ሥራ ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ተቀምጠው ኖረዋል። በኋላ የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከድርጅቱ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ለጥናት አበቋቸው። አንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀጥ ተብሎ ከላይ የተነሣ ፎቶ አለው፤ ግራና ቀኙ ዘመም ያሉ ሁለት፣ አንዱ ደግሞ በጣም የተዘነበለ።

የጥቂቶቹ ቅጂ እጄ ሲገባ ግራጫ በግራጫ ሆነብኝ። ስለዚህ የዚያ ዘመን ወታደሮች እንዴት ሠለጠኑ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካ ጦር የፎቶ ትምህርት ቤት በ1922 ወደ ቻኑት፣ ኢሊኖይ ሄደ፤ በ1938 ደግሞ ወደ ላውሪ፣ ዴንቨር። የሚያስተምሩት ካሜራ መያዝ፣ ፊልም ማጠብ፣ ፎቶዎችን ገጣጥሞ ሰፊ ምስል መሥራት ነበር። ማንበቡ ችላ ተብሏል። ለፎቶ አንባቢዎች ሃሪስበርግ፣ ፔንሲልቬንያ ላይ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1942፣ ጦርነቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። አንሺ ሞልቶ አንባቢ ጠፋ ማለት ነው።

እኔም በነሱ ቅደም ተከተል ሄድኩ፤ መጀመሪያ የአንሺውን ሒሳብ። ቀጥ ያሉት ፎቶዎች ስኬል በአማካይ 1፡11,500 ነው። አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 11 ሜትር ተኩል ይሆናል። ስድስት ሜትር የሚሰፋ ጎጆ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ! ያለ ማጉያ መነጽር አይሞከርም። በዚያ ላይ ደጋውና ሸለቆው በአንድ ፎቶ ውስጥ እኩል ስኬል የላቸውም፤ ተራራው ለካሜራው ይቀርባላ።

ከዚያ ወደ ስቴሪዮስኮፕ፤ ሁለት ፎቶዎችን በአንዴ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አንዱን የሚያሳይ ባለ ሁለት ሌንስ መሣሪያ ነው። ሁለት ተከታታይ ፎቶዎች 60 በመቶ ያህል ከተደራረቡ፣ በሁለቱ ሌንሶች ሲታዩ መሬቱ ብድግ ይላል። ጥላው ወደ ራስህ እንዲወድቅ አድርገህ ካላስቀመጥከው ግን ኮረብታው ጉድጓድ ሆኖ ይታይሃል። በበጋ እኩለ ቀን ጥላችን ወደ ሰሜን ስለሚወድቅ፣ ደቡቡን ወደ ላይ አዙሮ ማንበብ ነው። ካርታ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ያዞራል፣ በኋላ ይለመዳል።

በጣም ያስቸገረኝ ጎጆና አውድማን መለየት ነው። ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ነጣ ይላሉ። መልሱ ጥላ ነው። ጎጆ ከጎኑ ቀጭን ጥቁር ማጭድ የመሰለ ጥላ አለው፤ አውድማ ምንም የለውም። በስቴሪዮስኮፕ ሲታይማ ጎጆው ቀና ይላል፣ አውድማው እንደተኛ ይቀራል።

ሌላውን ያስተማረኝ ገበሬው አጎቴ ነው። አንዱን ፎቶ አሳትሜ ወሰድኩለት። ክብ የዛፍ ቀለበቱን ገና ሲያይ «ቤተ ክርስቲያን ናት» አለ። እሱንስ እኔም አውቄዋለሁ። ቀጥሎ ግን ጣቱን ባዶ ሜዳ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ደግሞ ገበያው ነው።»

«በምን አወቅህ ጋሼ? ምንም የለበትም እኮ።»

«መንገዱን እየው እንጂ! ሁሉም ወደዚህ አይደል የሚመጣው?»

እውነትም የእግር መንገዶቹ ከየአቅጣጫው መጥተው እዚያው ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ፎቶ ስይዝ ቤት አልፈልግም፤ በቅድሚያ መንገዶቹን በእርሳስ እከተላለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ በእግራችሁ የምታውቁትን ቀበሌ ምረጡ፣ የተዘነበሉትን ፎቶዎች ለጊዜው ተዉአቸው። እነሱ ላይ ስኬሉ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚለዋወጥ በማስመሪያ መለካት አይቻልም።