ከበሬሳ እስከ ሮቢ በብስክሌት

ሰሜን ሸዋን ለብዙ ዓመት የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ወደ ደሴ ስሄድ፣ ከደሴ ስመለስ። ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ማንጎ። መሀሉን እንቅልፍ ነው። ሰው ቢጠይቀኝ ግን «አውቀዋለሁ፣ ስንቴ ሄጄበታለሁ» እል ነበር። ይህን ወሬ ያስተወኝ ብስክሌት ነው።

በመኪና ሲታይ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለው አገር ሜዳ ነው። በብስክሌት ግን ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ዓይን ያላየውን ዳገት ጉልበት ያውቀዋል። ትንሽ ትወጣለህ፣ ትንሽ ትወርዳለህ፣ ድልድይ ትሻገራለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ከየቁልቁለቱ በታች ውሃ አለ። አንዳንዱ ወንዝ ነው፣ አንዳንዱ በጋ ላይ ድንጋይ ብቻ የሚቀርበት። መኪና ውስጥ ሆኖ ድልድይን የሚያስታውስ የለም። ብስክሌት ላይ ግን ድልድይ ማለት ቀጥሎ ዳገት መጣ ማለት ነው። ስለዚህ የየወንዙን ስም መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ማስታወሻ ስለ ብስክሌት ተብሎ ተጀምሮ ስለ ውሃ የሆነው በዚህ ነው።

ጉዞው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ የተደረገ ነው። አሁን እንደልብ ተነስቶ መሄድ ቀላል እንዳልሆነ ለማንም አልነግርም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አብሮኝ የሄደው የአክስቴ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን በወንበር ጨረስነው። ንጹሕ ብስክሌተኛ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን እንደ ማጭበርበር ያዩታል። ይዩት። እኛ ጉልበታችንን ከዚያ ወዲያ ላለው አገር ነበር የምንፈልገው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው የቆረቆሯት ከተማ መሆኗን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ያልተማርነው የጠዋት ብርዷን ነው። ጣት ስለሚደነዝዝ ፍሬን ለመያዝ ጓንት ያስፈልጋል። ትንፋሽም ያጥራል። የመጀመሪያዋን ዳገት ስንወጣ የአክስቴ ልጅ ወሬውን በየመሀሉ ይቆርጥ ጀመር። ወሬኛ ስለሆነ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ገብስና ባቄላ ነው። ማሳውን ከማሳ የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው። ቤቱም ድንጋይ፣ በረቱም ድንጋይ። በየደጁ ኩበት ተከምሯል። ዛፍ ከተባለ ባሕር ዛፍ ነው። ነፋሱ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ወደ የትም ብትዞር ፊትህን ነው የሚመታህ። በጎቹ ግን ምንም አይመስላቸውም። ያንን የመሰለ ሱፍ ለብሶ ማን ይበርደዋል።

መንገድ ላይ በበቅሎ የሚሄዱ አንድ አዛውንት ደረሱብን። ደረሱብን ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ሞተር የለውም?» አሉኝ።

«የለውም አባቴ።»

«ታዲያ ዳገቱን ማን ያወጣዋል?»

«እኔው ነኝ።»

ጭነቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በቅሎአቸውን። «አይ፣ እኔንስ እሷ ታወጣኛለች» ብለው አለፉን። የአክስቴ ልጅ እስከሚቀጥለው ድልድይ ሳቀ። ትንፋሽ ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

እረኞች ሲያዩን በጎቹን ትተው ይመጣሉ። ገንዘብ የጠየቀን የለም። የጠየቁን «አንዴ ልንዳው» ብለው ነው። አንዱን ልጅ ኮርቻው ላይ አስቀምጠን ከኋላ ያዝነው። ስንለቀው ጥቂት ሄዶ ገብስ ውስጥ ገባ። ተነስቶ ዱላውን ፈለገና «እንደገና» አለ።

አንኮበር ሲደርሱ መሬቱ ያልቃል። ሌላ አነጋገር የለኝም። ሜዳ መስሎ ሲሄድ የቆየው አገር በድንገት ይቆረጥና ከታች፣ በጣም ከታች፣ ወደ አፋር የሚዘረጋው ቆላ በጉም ውስጥ ይታያል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡት ለመረዳት የታሪክ መጽሐፍ አያስፈልግም። ጠላት ከታች ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ነጋዴም እንዲሁ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ነግሠዋል፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት መቀመጫቸው ይህ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የድንጋይና የኖራ ግድግዳ ነው። ሰው ፎቶ ይነሳበታል፣ እኛም ተነሳን። እውነቱን ለመናገር ግድግዳው ብዙ አልያዘኝም። ይበልጥ የያዘኝ ከስሩ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ነው።

አልዩ አምባ በዚያ ዘመን የሲራራ ነጋዴ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ግመል ጨውና ሸቀጥ ይዞ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ለግመል ስለማይሆን የአህያና የበቅሎ፣ የሰውም ጀርባ ነው። ዛሬም ከታች የሚመጣው ሰው በአህያ ጭኖ ያንኑ ዳገት ይወጣል። እኛ ስንወርድ ፍሬኑ ከመጋሉ የተነሳ በየኩርባው ቆመን እናቀዘቅዘው ነበር። እነሱ ደግሞ ሲወጡ በየኩርባው ቆመው ያርፋሉ። ሰላምታውና ወሬው እዚያው ነው። አንዲት እናት «እናንተስ መልሳችሁ የምትወጡት በምንድነው?» አሉን። ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የወጣነው በአይሱዙ ነው፣ ብስክሌቶቹን ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ጭነን። በዚህ አላፍርም።

በነገራችን ላይ ከአንኮበር ብዙም ሳይርቅ ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካን መርቶ የመጣው አንቲኖሪ ከምኒልክ ተሰጥቶት የተቀመጠበት ነው። በ1882 እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሰውየው ወፍና ዕፅዋት ሲሰበስብ ነበር የኖረው። በስተኋላ የአገሩ ሰዎች በመትረየስና በአውሮፕላን ተመልሰው መጡ፣ መንገድም ሠሩ። የሚቀጥለው ጉዟችን በዚያ መንገድ ላይ ነው።

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰን ወደ ጣርማ በር ዞርን። እዚህ ጋ ነው የውሃው ነገር የገባኝ። ደብረ ብርሃን ላይ የተሻገርነው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይሄዳል፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይገባል። በዚያ በኩል የወረደ ጠብታ ዕድል ካገኘ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ይደርሳል። ከጣርማ በር በምሥራቅ በኩል የወረደው ግን መንገዱ ወደ አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም። አፋር ምድር ወርዶ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የአንድ ደመና ዝናብ ነው እኮ። ጥቂት እርምጃ ወዲህ ወይም ወዲያ መውደቁ ነው ልዩነቱ። በአውቶቡስ ስንት ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ተኝቼ እንዳለፍኩ ሳስበው ይገርመኛል። ብስክሌት ላይ ግን መተኛት የለም። እግር እስከዚህ ድረስ ሲወጣ ቆይቶ ድንገት መርገጥ ያቆማል።

ጣሊያን በወረራው ጊዜ ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በመኪና አንድ ደቂቃም አይሞላም። በብስክሌት ግን ሌላ ነገር ነው። ጨለማው ወፍራም ነው፣ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከባድ መኪና ሲገባ ድምፁ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ አይለይም። አፉ ላይ ቆመን ስናመነታ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ «ግቡ፣ እኔ ከኋላችሁ ነኝ» አለን። መብራቱን አብርቶ በእኛ ፍጥነት ተከተለን። ከኋላው የተሰለፉት ጥሩምባቸውን አንባረቁት። እሱ ወይ ፍንክች። ስንወጣ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፣ ሴቶቹ አውቶቡስ እንደሚከቡት እኛንም ከበቡን። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጣርማ በር ላይ ጃኬትና ጓንት ነበረን። አርማንያ ስንደርስ በሸሚዝ ቀረን። ገብሱ ቀርቶ ጤፍና ማሽላ መጣ። ከላይ ጋቢ ነበር፣ እዚህ ሽርጥ ነው። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ጥላ ፍለጋ ሆነ።

ሮቢ ወንዝ ያለው እዚህ ነው። ማንጎውም፣ ፓፓያውም፣ ሽንኩርቱም ከሱ የመጣ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ስንል የመስኖ ቦይ አገኘንና በዳሩ መንዳት ጀመርን። ያን ጊዜ ነው የገረመኝ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ስንፈልገው የነበረው ሜዳ እሱ ነው። ቦዩ ኮረብታውን እየታከከ ይዞራል፣ ግን አይወጣም፣ የሚወርድም አይመስልም። ፔዳሉ በራሱ ይሄዳል። ውሃው ግን በዝግታ ወደፊት እየሄደ ስለሆነ ቁልቁለት እንዳለው እርግጥ ነው። እግሬ አላወቀውም፣ ውሃው ያውቀዋል።

የውሃ አባቱን ያገኘናቸው ቦዩ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ነው። የውሃ አባት የሚባሉት ተጠቃሚዎቹ መርጠው ተራ እንዲያከፋፍሉ የሚሾሟቸው ሰው ናቸው። ይህን መስመር ያለ መለኪያ እንዴት አስተካከላችሁት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መለኪያውማ ውሃው ነው» አሉ። «ትንሽ ትቆፍራለህ፣ ትለቅበታለህ። ከመጣ ትቀጥላለህ። ካልመጣ ዝቅ ታደርጋለህ። ከቸኮለ ግን ክፉ ነው፣ አፈሩን ይበላዋል።»

ወንዙን የሚጠልፉት በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በአፈር ነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል። ጎርፉ ሲያበቃ ሁሉም ወጥቶ እንደገና ይሠራዋል። ደለሉንም በጋራ ነው የሚጠርጉት፣ ለሥራ ያልወጣ ቅጣት አለበት። አንዳንድ ቦታ ቦዩ በሲሚንቶ ተሠርቷል። ለብስክሌት ያ ይሻላል፣ ዳሩ ደልዳላ ነው። የአፈሩ ቦይ ግን ስለሚያሰርግ ዳርና ዳሩ ዛፍ ነው። ውሃ ይባክናል የሚለው ክርክር ይገባኛል። ቢሆንም በዚያ ፀሐይ ከዛፉ ሥር ሆኜ ሳስበው ለአፈሩ አደላሁ።

ተራው የሚቆጠረው በሰዓት ነው። ድሮ በጥላ ነበር አሉ፣ አሁን በሞባይል ነው። እኛ እዚያ እያለን ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ። የአንዱ ስልክ ከሌላው በጥቂት ደቂቃ ይቀድማል። አንዱ ተራዬ ደረሰ ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። የውሃ አባቱ ሁለቱንም ስልክ ተቀብለው ተመለከቱና የራሳቸውን የእጅ ሰዓት አሳዩአቸው። ከሁለቱም የተለየ ነበር። በእሱ ተፈረደ። ሽንኩርቱን ሊያጠጣ የቆየው ሰውዬ እያጉረመረመ የአፈሩን መዝጊያ በአካፋ ከፈተ፣ ውሃው ዞረ፣ ጠቡም አበቃ። ከአንኮበሩ ግድግዳ ይልቅ ይህን ለልጅ ልጅ ብናስጎበኝ እመርጣለሁ። ቅርስ ብለን ሰሌዳ የምንተክለው ሁልጊዜ ነገሥታቱ የኖሩበት ላይ ነው።

ሲመሻሽ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና ስንፈልግ ረዳቱ ለብስክሌቱ የሰው ሒሳብ ጠየቀን። «ወንበር አይዝም እኮ» አልነው። «ሽንኩርትም ወንበር አይዝም፣ ግን ይከፈልበታል» አለን። ክርክሩን ረታን ማለት አልችልም። ግማሹን ከፈልን።

ቀጥሎ ያሰብኩት መንዝን ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ተገንጥሎ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ። ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ማየት እፈልጋለሁ። የአካባቢው ሰው የጓሳውን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍቶ ለቤት ክዳን ሲያጭደው ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰው። ኋላ ግን ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም እስካሁን ያሉት በዚህ ነው። የሮቢ ሰዎች ውሃ የሚካፈሉትን ያህል እነሱ ደግሞ ሣር እንዴት እንደሚካፈሉ መስማት አለብኝ። መንገዱ ሲከፈት በበጋ እሄዳለሁ። የአክስቴ ልጅ የኋላ ማርሹን ካልቀየረ ንቅንቅ እንደማይል ከአሁኑ ነግሮኛል።